አንድ ድስት ማለት ሁሉንም ባንዴ መክተት አይደለም፦ የሶሴጅና የጎመን ሾርባ በደሴ ብርድ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነበር፦ "ደሴ ነው የምኖረው፣ ቤት ውስጥ ስድስት ነን። በዚ ብርድ የሚያጠግብ የሶሴጅና የጎመን ሾርባ በአንድ ድስት ልስራ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን አሰራር ደቂቃ በደቂቃ ተከተልኩ። ድንቹ አልበሰለም፣ ሶሴጁ እንደ ጎማ ሆነ፣ ጎመኑ ጠቆረና መረረ፣ ላዩ ላይ ደሞ ስብ ረግቶበት ልጆቹ አንበላም አሉ። ያለኝ አንድ ትልቅ ብረት ድስትና የከሰል ምድጃ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሙስሊሞች የኔዎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ አንዳንዴ ለሁለቱም ማቅረብ እፈልጋለሁ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

አብሽሪ እህቴ፣ አራቱም ነገር የተበላሸው ባንድ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ሆቴል ኩሽና ውስጥ መስራት ከጀመርኩ 16 አመት አልፎኛል፣ ተወልጄ ያደግኩት ግን እዛው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፣ ስለዚ ብርዱንም ከሰሉንም አውቀዋለሁ። ያገኘሽው አሰራር የተጻፈው ቆላ ለሚኖር፣ በአሳማ ሶሴጅ ለሚሰራ፣ ጋዝ ምድጃ ላለው፣ ጎመኑም የኛ ጎመን ላልሆነ ሰው ነው፣ አንቺ ደሞ ደቂቃውን ሳትሸራርፊ ተከተልሽው። ከዛ በላይ ግን አንድ ድስት ሲባል ብዙ ሰው ሁሉንም ከትቶ ክዳኑን መግጠም ይመስለዋል፣ ድስቱ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ነገር የሚገባበት የራሱ ሰአት አለው፣ ሶሴጁ ገብቶ ይወጣል፣ ድንቹ ቀድሞ ይገባል፣ ጎመኑ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሶሴጁ ከዛ ይመለሳል። መልሱ ይሄው ነው፣ ግን ለምን እንደሆነ ካወቅሽው ሌላ ጊዜ ስልክ ሳታዪ ስለምትሰሪው ልዘርዝርልሽ።

ከድንቹ ልጀምር። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል በይው። እታች ባህሩ ጋ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ ደሴ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ ደሞ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ 94 አካባቢ። ድስቱ ሲንተከተክ ስታዪው በጣም የጋለ ይመስልሻል ግን ውሃው ከዛ በላይ አይሞቅም፣ ከሰል ብትደርቢበትም ቶሎ ይተንና ሾርባው ያንስብሻል እንጂ ድንቹ አይፈጥንም። ስለዚ 20 ደቂቃ ይበቃዋል የተባለ ድንች ደሴ ላይ 30፣ አንዳንዴም 35 ደቂቃ ይፈልጋል። እኔ ኮምቦልቻ የለመድኩትን ሰአት ይዤ ደሴ እናቴ ቤት ስሰራ ድንቹ መሀሉ ጥሬ ይሆንብኝ ነበር፣ ሀያ ምናምን ኪሎሜትር መንገድ እንኳን ድስት ውስጥ ይታወቃል ማለት ነው። ሰአት አትመኚ፣ ቢላ ሰክተሽ ሞክሪ፣ ሳይይዘው ከገባ በስሏል።

ሌላው ድንቹን የሚያዘገየው ቲማቲም ነው። ኮምጣጣ ነገር ያለበት ውሃ ውስጥ ድንችም ባቄላም ቦሎቄም ቶሎ አይለሰልሱም። ብዙ ሰው ወጥ ሲሰራ ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ጋር ስለሚያቁላላ እዚህም እንደዛ ያደርጋል፣ ለዚህ ሾርባ ግን ቲማቲም ከወደድሽ ድንቹ ከበሰለ በኋላ ጨምሪ። እኔ ጭራሽ ባትጨምሪው ነው የምመርጠው፣ ለምን እንደሆነ ጎመኑ ጋ ስደርስ እነግርሻለሁ።

አከታተፉ ላይ አንድ የኩሽና ዘዴ ልንገርሽ፣ ድንቹን ሁሉ እኩል አትክተፊው። ግማሹን የሽምብራ ፍሬ ከምታክል ትንሽ ከፍ አድርገሽ ክተፊ፣ ግማሹን ደሞ አንድ ጉርሻ የሚሆን ጎላ ጎላ ያለ አድርጊው። ትንንሹ እዛው ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል፣ ትልልቁ ለጥርስ ይቀራል። ደሞ ልጠሽ አጥበሽ ከከተፍሽው በኋላ ድጋሚ አትለቅልቂው፣ ያ ነጭ ውሃ ስታርቹ ነው፣ ሾርባውን የሚይዘው እሱ ነው፣ ዱቄት ምናምን መጨመር አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ሶሴጁ። ምን አይነት እንደተጠቀምሽ አልጻፍሽም ግን እንደ ጎማ ሆነ ካልሽ ከሱፐርማርኬት ፍሪጅ የምናገኘው ለስላሳው ሮዝ ሶሴጅ መሆን አለበት። እሱ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ በስሎ የወጣ ነው፣ አንቺ ጋ ሲደርስ የሚፈልገው መሞቅ ብቻ ነው፣ 40 ደቂቃ ስትቀቅዪው ውስጡ ያለው ስብና ጨው ወደ መረቁ ይወጣና ሥጋው ይኮማተራል፣ ሾርባው ጨው ይበዛበታል ሶሴጁ ደሞ ምንም ጣእም አይኖረውም። ቀለሙን አይተሽም በሰለ አልበሰለ ማለት አትችዪም፣ ለማቆያ የሚገባበት ናይትራይት የሚባል ጨው ስላለ ቢበስልም ሮዝ ሆኖ ይቀራል።

ቤት የሚሰራ ጥሬ ቋሊማ ከሆነ ሌላ ነው፣ እሱ መብሰል አለበት፣ የተፈጨ ሥጋ ስለሆነ መሀሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ቴርሞሜትር ከሌለሽ አንዱን ለሁለት ቁረጪና እዪ፣ ውስጡ ቀይ ነገር እንዳይኖረው፣ የሚወጣውም ውሃ ጥርት ያለ ይሁን። ሶስተኛው ደሞ የድሮው አይነት፣ በቅመም ተለውሶ ምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ የጠጣው ደረቁ ቋሊማ ነው። እሱን ካገኘሽ እድለኛ ነሽ፣ ስስ አድርገሽ ቆርጠሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ መረቁ ውስጥ ተይው፣ ብዙ ሲቆይ ነው ጣእሙን የሚሰጠው። አክስቴ እንዲህ ያለውን ሰቅላ ስታቆይ አስታውሳለሁ፣ ሁለት ቁራጭ ብቻ አንድ ድስት ሙሉ ያጣፍጥ ነበር። እሱም ከጠፋ ቋንጣ እንደዛው ይሰራል።

ቤት መስራት ከፈለግሽ ከባድ አይደለም፣ አንጀት መሙላትም አይጠበቅብሽም። ልኳንዳ ሄደሽ 800 ግራም ቀይ ሥጋና 200 ግራም የፍሪምባ ስብ አስፈጪ። 3 የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ደቃቅ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ ማንኪያ ኮረሪማ፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ የቡና ሲኒ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ። ከዛ በእጅሽ ደጋግመሽ አሽተሽ አሽተሽ እጅሽን ስትገለብጪው ሥጋው ተጣብቆ የሚቀር እስኪሆን ድረስ፣ ጨውና መታሸቱ ናቸው እንዲያያዝ የሚያደርጉት፣ እዚ ላይ የሰነፈ ሰው ቋሊማው ድስት ውስጥ ይበተንበታል። ሁሉም ነገር ቀዝቃዛ ይሁን፣ የደሴ ጠዋት ለዚህ ተስማሚ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪውና በጣት ልክ ጠቅልለሽ ጥበሺው፣ ግን መጀመሪያ ትንሽዬ ቁራጭ ጠብሰሽ ቅመሺ፣ ጥሬውን እንዳትቀምሺ።

ፍሪምባ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ላዩ ላይ ረጋ ያልሽው ስብ እዚህ ጋ ነው መልሱ። የአሳማ ስብ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል፣ ፈረንጆቹ ሶሴጁን እዛው ጠብሰው ስቡን ሳያፈሱ ውሃ ቢጨምሩበት ብዙም ችግር የለውም። የከብት ስብ ግን ለመቅለጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ያፋችን ሙቀት 37 ነው፣ ስለዚ ሾርባው ትንሽ እንደበረደ ከንፈርና ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ በተለይ ሞራ ከገባበት። የፍሪምባው ከሞራ ለስለስ ይላል። እኛ ሀገር ሶሴጁ በብዛት የከብት ስለሆነ (ሙስሊሙም አብዛኛው ክርስቲያንም አሳማ አይበላም) የነሱን አሰራር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ስለዚ ሶሴጁን ከጠበስሽ በኋላ ድስቱን ዘንበል አድርገሽ ስቡን ቅጂና 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ አስቀሪ። ሁለተኛ በስሎ የሟሟው ድንች ስቡን መረቁ ውስጥ በትኖ ይይዘዋል፣ ላዩ ላይ አይሰበሰብም። ሶስተኛ ሳህኖቹን በፈላ ውሃ አሙቂያቸው፣ በደሴ ሐምሌ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ሾርባ መቅዳት ማለት ገና ሳይበላ ማብረድ ነው፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ልጆች አንበላም የሚሉት በሱ ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ።

ጎመኑ። ይሄን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ምክንያቱም የምወደው እሱን ነው። የሐበሻ ጎመን የምንለው የራሳችን ነው፣ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው፣ ከሰናፍጭ ጋር ስለሚዛመድ ያቺ የምትቆነጥጥ ነገር አለችው። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ እናቶቻችን ቀቅለው ውሃውን የሚደፉት ለዛ ነው። ሾርባ ውስጥ ግን ውሃውን ልትደፊ አትችዪም፣ መረቁ እኮ እሱ ነው። መፍትሄው አቆራረጡ ላይ ነው። ፖርቱጋሎች ካልዶ ቬርዴ የሚሉት ሾርባ አላቸው፣ ሚኞ ከሚባለው ከሰሜን ሀገራቸው የመጣ፣ ድንች፣ ጎመንና ሾሪሱ የሚሉት የታጨሰ ሶሴጅ ነው፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም፣ ካንቺ ሾርባ ጋር ዘመድ ነው። እነሱ ጎመኑን እንደ ጸጉር አድርገው ነው የሚከትፉት። አንቺም እንደዛ አድርጊ፣ መሀል ያለውን ወፍራም ግንድ አውጪ፣ አምስት ስድስት ቅጠል ደራርበሽ እንደ ሲጋራ አጥብቀሽ ጠቅልዪና በተሳለ ቢላ የቻልሽውን ያህል ስስ አድርገሽ ክተፊ። እንደዛ የተከተፈ ጎመን ደሴም ቢሆን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሳይመርም ሳይጠቁርም ይደርሳል።

የጠቆረብሽ በሁለት ነገር ነው፣ ረጅም ሰአትና ኮምጣጣ። የቅጠሉን አረንጓዴ ሙቀትና አሲድ አንድ ላይ ሲያገኙት ወደ ወይራ ቀለም ይቀይሩታል፣ ጎመኑ ራሱም ሲበስል ትንሽ አሲድ ያወጣል፣ ክዳኑ ሲገጠም ያ እንፋሎት ተመልሶ እዛው ይወርድበታል። ቲማቲሙን የማልወደውም ለዚህ ነው። ስለዚ ጎመን ሲገባ ክዳኑ ይነሳ፣ እሳቱ ጠንከር ይበል፣ ሎሚ ካስፈለገ ሳህን ላይ። አንዳንዶች ቤኪንግ ሶዳ ቁንጥጫ ያደርጋሉ፣ አረንጓዴው ያምራል እውነት ነው፣ ግን ቅጠሉ ይላሽቃል ቫይታሚኑም ይጎዳል፣ እኔ አልመክርም። ቆስጣ ከሆነ ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ ቆስጣ የቀይ ስር ወገን እንጂ ጎመን አይደለም፣ ቅጠሉ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ነጩን ግንድ ከትፈሽ 5 ደቂቃ ቀድሞ አስገቢው። ሰው ሲጠይቀኝ ጎመን ነው የምለው ምክንያቱም ሶሴጁን የሚችለው እሱ ነው፣ ቆስጣ ይለሰልስና ይጠፋል።

በቃ አሁን እንስራው። ለስድስት ሰው 500 ግራም ሶሴጅ ወይ ቋሊማ፣ 5 መካከለኛ ድንች፣ 2 ካሮት፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ደህና እስር ጎመን፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ 2 ሊትር ውሃ። ከሰሉ ገና ቀይ ፍም ሆኖ ሲፋጅ ድስቱን ጣጂና ትንሽ ዘይት አድርገሽ ሶሴጁን ጥበሺ። ዘይት እንደ ውሃ በከፍታ አይታለልም፣ አጠባበሱ ደሴም አዳማም አንድ ነው፣ ግን እርጥብ ከሆነ አይቀላም ስለዚ ሶሴጁን መጀመሪያ አድርቂው፣ ድስቱንም አታጨናንቂው፣ ሁለት ዙር ቢሆን ይሻላል። ቡኒ ሲል አውጥተሽ ሳህን ላይ አስቀምጪ። ድስቱ ስር የያዘውን ቡኒ ነገር አረረ ብለሽ እንዳታጥቢው፣ የሾርባው ጣእም ያለው እዛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ብቻ ነው የሚጣለው። ስቡን ቀንሺ፣ ሽንኩርቱን ጨምሪና በማማሰያ እየፋቅሽ አቁላዪው፣ ወጥ እንደምትሰሪው ነው፣ ሽንኩርቱ የሚያወጣው ውሃ ያንን ሁሉ ያነሳልሻል፣ ካልተነሳ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ ስጪው። ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ደቂቃ፣ ከዛ ድንችና ካሮት፣ ውሃው ፈልቶ የቆየ ቢሆን ይመረጣል፣ የጥብስ ቅጠሉን ሙሉ ዘለላውን ጣይበት፣ መጨረሻ ላይ ስለሚወጣ።

ክዳኑን ገጥመሽ 30 ደቂቃ ገደማ። አሁን ፍሙ እየደከመ ነው፣ ለዚህ ሰአት ጥሩ ነው፣ ቀስ ብሎ መንተክተክ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ከበዛ አመድ አልብሺው። ድንቹ ሲበስል ትንንሹን በጭልፋ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ደፍጥጪው፣ መረቁ ወዲያው ሲወፍር ታዪዋለሽ። ጥሬ ቋሊማ ከሆነ ቆራርጠሽ ጎመኑ ከመግባቱ በፊት መልሺውና በቀስታ ይብሰል፣ በሀይል ከፈላ ይሰነጠቃል። ከዛ ሁለት ሶስት ከሰል ጨምረሽ እሳቱን አንሺ፣ ክዳኑን አውርጂ፣ ጎመኑን በትኚበት። 8 ደቂቃ። የፋብሪካው ሶሴጅ የሚመለሰው መጨረሻ 4 ደቂቃ ሲቀር ነው፣ እስኪግል ብቻ። ጨው እስካሁን አላልኩም አይደል፣ አሁን ቅመሺና ጨምሪ፣ ሶሴጁ ጨው ስላለው ቀድሞ የገባ ጨው አይወጣም፣ ማጊ ከሆነ የለመድሽው በዚ ሾርባ ተይው። በርበሬ ከገባ ወጥ ይሆናል፣ ሚጥሚጣ ለሚፈልግ ሳህኑ ላይ ይነስንስ።

ከሰሉን ካነሳን አይቀር፣ እባክሽ ብርድ ነው ብለሽ በርና መስኮት ዘግተሽ ምድጃውን ቤት ውስጥ እንዳታነጂ። ከሰል ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ነው የሚወስደው። ውጪ ወይ በረንዳ ላይ አብስለሽ ድስቱን አስገቢ፣ ምድጃው ይቅር።

የሁለቱ ወገን እንግዳ ሲመጣ ደሞ ወሎ ነንና ይሄን ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ድስቱን በሥጋ አትጀምሪው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተሽ፣ ድንችና ካሮት፣ ለጥጋቡ የተቀቀለ ቦሎቄ ወይ ሽምብራ ጨምረሽ በጎመን ጨርሺው፣ ይሄ ለጾመኛም ይሆናል። ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፈሽ ለብቻው ቀድመሽ በደንብ አብስዪው፣ ደሴ ላይ ረጅም ሰአት ነው የሚወስደው፣ ጥሬ የቀረ ቦሎቄ ደሞ ሆድ ያማል። ቋሊማውን ከሙስሊም ልኳንዳና ከክርስቲያን ልኳንዳ ለየብቻ ገዝተሽ በየራሱ መጥበሻ ጥበሺና በየራሱ ሳህንና ማንሻ አቅርቢ፣ ሁሉም ሳህኑ ላይ ይጨምር። የታሸገ ሶሴጅ ከሆነ ጽሁፉን አንብቢ፣ ሥጋው ብቻ ሳይሆን መሸፈኛው አንጀትም የምን እንደሆነ። ካልተጻፈ አትግዢው፣ ሰውን ባላወቀው ነገር ማስበላት ከባድ ነው። ከሁለቱም ጋር ድፎ ዳቦ ይሄዳል፣ የገብስ ቂጣም አሪፍ ነው።

መጨረሻ ላይ የተረፈው። ስድስት ሰው ካላችሁ ላይተርፍ ይችላል ግን ለነገ አስበሽ ከሰራሽ ጎመኑ ከመግባቱ በፊት የነገውን ድርሻ በሌላ እቃ ቀንሺ። ጎመን ተበስሎ አድሮ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ያ ከባድ ሽታም ይመጣል። የቀነስሽውን ሰፋ ባለ እቃ ቶሎ አብርደሽ ፍሪጅ አስገቢ፣ መብራት ከጠፋና ፍሪጁ ከሞቀ ግን አታምኚው። ጠዋት እስኪፈላ አሙቂው፣ ድንቹ ስለሚወፍር አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሪለት፣ አንድ እፍኝ ጎመን አዲስ ከትፈሽ በትኚበት፣ 8 ደቂቃ ነው፣ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ልብስ እስኪለብሱ ይደርሳል።